የቄሣር መልክና የአክሱም ዘውድ፦ ጥንታዊ የብር መሐለቅን ስለ መለየት

አንድ መንግሥት ከሚያወጣቸው ጽሑፎች ሁሉ አጭሩ መሐለቅ ነው። ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም በማይበልጥ የብር ቁራጭ ላይ የገዢው ስም፣ መልኩ፣ ማዕርጉ፣ የሚማጠነው አምላክና የሚመካበት ድል ተጠቃልሎ ይገኛል። አዋጅ በነጋሪ ተነግሮ ይረሳል፤ ብራና ይቃጠላል፤ ቤተ መንግሥት ይፈርሳል፤ መሐለቅ ግን ከአፈር ሥር ተቀብሮ ሺህ ዓመት ከቆየ በኋላ እንኳ ታጥቦ ሲነበብ ያንኑ የመጀመሪያ ቃሉን ይናገራል። የታሪክ ተማሪ ጥንታዊ ገንዘብን ለይቶ ማወቅ የሚገባው ስለዚህ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ነው። መጀመሪያ የሮማ ቄሣሮች ያሳተሙት የብር ገንዘብ በምን በምን እንደሚለይ በአጭሩ ለማስረዳት፤ ቀጥሎም ይህ ዕውቀት የአክሱምን ገንዘብ ለመረዳት ምን እንደሚጠቅም ለማመልከት፤ በመጨረሻም ከአገራችን ርቀን የምንኖር ምሁራን አንድ አሮጌ ብር “ይህ ምንድን ነው?” ተብሎ በእጃችን ላይ ሲቀመጥ ምን ኃላፊነት እንዳለብን ለማሳሰብ ነው። በተለይ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

የአባቶቻችን የመለየት ጥበብ

ብርን መርምሮ መቀበል ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ቋንቋችን ማዕድኑንም ገንዘቡንም በአንድ ቃል “ብር” ብሎ መጥራቱ ራሱ ምስክር ነው። ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የምንለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ገንዘብ በአገራችን ገበያ በናኘበት ዘመን ነጋዴው የሚቀበለውን እያንዳንዱን ብር አገላብጦ ያይ ነበር። በንግሥቲቱ የራስ ጌጥና በትከሻዋ ላይ ባለው ማያያዣ ዙሪያ ያሉት ዕንቁዎች ጥርት ብለው የሚቈጠሩ ካልሆነ ይመልሰዋል። ከደረቷ በታች ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ይፈልጋል፤ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል። ፊደሉን ማንበብ ባይችልም ቅርጹን በዓይኑ ያውቀዋል። ዛሬ በታላላቅ ቤተ መዘክሮች የሚሠራበት የመመርመር ሥርዓት በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ዓይን፣ ሚዛንና ጥርጣሬ ናቸው።

ጠገራ ብር ሌላም ትምህርት አለው። ንግሥቲቱ በ1780 ዓ.ም. ስለ ሞተች ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ 1780 የሚለውን ቍጥር ይዞ ቀረ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በ1935 የኢጣሊያ መንግሥት ኢትዮጵያን ለመውረር ሲነሣ መምቻዎቹን ከኦስትሪያ አግኝቶ ይህንኑ ገንዘብ በሮማ ማሳተም ጀመረ፤ ከዚያ በኋላም በለንደንና በሌሎች ከተሞች ተመትቷል። እንግዲህ “1780” የሚል ብር በእጁ የያዘ ሰው የያዘው የ1780 ብር ላይሆን ይችላል ማለት ነው። በገንዘቡ ላይ የተጻፈው አንድ ነገር ነው፤ ገንዘቡ የተመታበት ቦታና ዘመን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ይህን ልዩነት በውል የተረዳ ሰው የጥንታዊ መሐለቅን ጥናት ግማሽ መንገድ ተጉዟል።

የሮማ ብር ክብደትና ጥራት

የሮማውያን ዋናው የብር ገንዘብ ዴናሪዩስ ይባላል። በግሪኮችና በሶርያውያን አፍ አልፎ ወደ እኛ መጻሕፍት የገባው “ዲናር” የተባለው ቃል መነሻው ይኸው ነው። ዴናሪዩስ መመታት የጀመረው ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ211 ገደማ፣ ሮማ ከካርታጎው ከሐኒባል ጋር በምትዋጋበት ጊዜ ነው። አውግስጦስ ቄሣር ሥርዓተ ገንዘቡን ካስተካከለ በኋላ ከአንድ የሮማ ነጥር ብር 84 ዴናሪዩስ ይወጣ ነበር፤ ስለዚህ የአንዱ ክብደት 3.9 ግራም ያህል ይሆናል። 25 ዴናሪዩስ አንድ የወርቅ አውሬዩስ ይመነዘራል።

ከዚያ በኋላ ያለው የሮማ ብር ታሪክ የመቀነስ ታሪክ ነው። ኔሮን በ64 ዓ.ም. ከአንድ ነጥር 96 እንዲወጣ አዘዘ፤ ክብደቱ ወደ 3.4 ግራም ወረደ፤ ብሩም ከመዳብ ጋር ተቀላቀለ። ሊቢያ ውስጥ በምትገኘው በሌፕቲስ ማግና የተወለደው ሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስ ለሠራዊቱ የሚከፍለው ቢያጥረው በ190ዎቹ አጋማሽ የብሩን መጠን ወደ ግማሽ ያህል አወረደው። ልጁ ካራካላ በ215 አዲስ ገንዘብ አወጣ፤ ኋላ ላይ ሊቃውንት አንቶኒኒያኑስ ብለው የሰየሙት ይህ ገንዘብ የሁለት ዴናሪዩስ ዋጋ እንዲኖረው የታሰበ ቢመስልም፣ የያዘው ብር ከአንድ ተኩል ዴናሪዩስ የሚበልጥ አልነበረም። ሕዝቡ አሮጌውን ጥሩ ብር ደብቆ አዲሱን ማውጣቱ የሚጠበቅ ነበር። በጋሊየኑስ ዘመነ መንግሥት ማለቂያና በ268 በተተካው በዳግማዊ ቀላውዴዎስ ጊዜ “ብር” የተባለው ገንዘብ ላይ ላዩን ብር የነካው መዳብ ሆኖ ቀረ። አውሬሊያኑስ በ274፣ ዲዮቅልጥያኖስም በ294 ገደማ ለማደስ ሞከሩ። ዲዮቅልጥያኖስ ያወጣው የአርጌንቴዩስ ብር እንደ ኔሮን ዘመን ከአንድ ነጥር 96 የሚወጣ ሲሆን፣ በአንዳንዱ ጀርባ ላይ ይኸው ዘጠና ስድስት በሮማ ቍጥር ተጽፎበታል።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ለመለየት ስለሚጠቅም ነው። በእጃችን ያለው ብር 3.8 ግራም የሚመዝንና ጥራቱ ከፍ ያለ ከሆነ ወደ መጀመሪያዎቹ ቄሣሮች ያመለክተናል፤ 3.2 ግራም ሆኖ ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ከሆነ ወደ ሴቬሩስ ቤት እንድናስብ ያደርገናል። ሚዛን ግን አመልካች እንጂ ፈራጅ አይደለም። ብዙ እጅ የዞረ ብር ይሳሳል፤ በአፈር ውስጥ የኖረ ብር ይበላል። ፍርዱን የሚሰጡት መልኩና ጽሕፈቱ ናቸው።

መልክና ጽሕፈት

የሮማ ብር ፊት የቄሣሩን፣ አንዳንድ ጊዜም የሚስቱን ወይም የልጁን መልክ ይይዛል። የመጀመሪያው ጥያቄ በራሱ ላይ ያለው ምንድን ነው የሚል ነው። የዛፍ ቅጠል አክሊል ከሆነ በብዛት ዴናሪዩስ ነው፤ እንደ ፀሐይ ጨረር የሾለ አክሊል ከሆነ አንቶኒኒያኑስ ነው። ለንግሥቶች የጨረር አክሊል ስለማይደረግ፣ በምትኩ ከደረታቸው በታች ጨረቃ ይሳላል፤ ይህች ጨረቃ “ይህ ገንዘብ እጥፍ ነው” ማለቷ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የጢም ነገር ነው። ከሐድሪያኑስ በፊት የነበሩት ቄሣሮች በአብዛኛው ጢማቸውን የተላጩ ሲሆኑ፣ በ117 የነገሠው ሐድሪያኑስ ጢሙን ካሳደገ በኋላ የተከተሉት ሁሉ ማለት ይቻላል ባለ ጢም ሆነው ይታያሉ። ፊደሉ የጠፋ ብር እንኳ በዚህ ብቻ ከሁለት ወገን ወደ አንዱ ይመደባል።

ጽሕፈቱ ከግራ ጀምሮ ጠርዙን ተከትሎ ይዞራል፤ ቃላቱ ተቈራርጠዋል፤ በቃላት መካከልም ብዙ ጊዜ ክፍት ቦታ የለም። ጀማሪን የሚያስደነግጠው ይህ ነው፤ ነገር ግን የሚደጋገሙት ቃላት ጥቂት ናቸው። “ኢምፕ” የሚለው ኢምፔራቶር፣ ማለት የጦር አዛዥ ነው፤ “ካይስ” ቄሣር፣ “አውግ” አውግስጦስ ነው። “ፖንት ማክስ” ሊቀ ካህናት፣ ሁለቱ “ፔ” ፊደላት አባተ አገር ማለት ናቸው። ዘመኑን የሚቈርጡት ግን ሁለት ማዕርጎች ናቸው። አንደኛው በየዓመቱ የሚታደሰው የሕዝብ እንደራሴነት ሥልጣን፣ ሁለተኛው “ኮስ” ተብሎ የሚጻፈው የኮንሱልነት ሹመት ነው። ከነዚህ ቀጥሎ ያለው ቍጥር ስንተኛ ጊዜ መሆኑን ይናገራል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በፊቱ የትራያኑስ ስም ያለበት፣ ከማዕርጎቹም መካከል “ኮስ 5” የሚል ብር ተገኘ እንበል። ትራያኑስ አምስተኛውን ኮንሱልነት የያዘው በ103፣ ስድስተኛውን በ112 ነው። ስለዚህ ይህ ብር ከ103 በፊት ሊመታ አይችልም፤ ከ111 በኋላም አይሆንም። ጀርባውን ስናገላብጥ ደግሞ አንዲት ሴት ቆማ፣ በእግሯ አጠገብ ግመል እናያለን፤ ጽሕፈቱም ዐረብ ወደ ግዛት መግባቷን ያውጃል። ሮማ የነባጤያንን መንግሥት የጠቀለለችው በ106 ስለ ሆነ፣ የታችኛው ወሰን ከ103 ወደ 106 ከፍ አለ ማለት ነው። አንድ መጽሐፍ ሳይጠቀስ፣ ከብሩ ላይ ብቻ ተነሥተን ዘመኑን በጥቂት ዓመታት መካከል አጠርነው። ከዚህ በኋላ ከ1923 እስከ 1994 በአሥር ክፍል የታተመውን ታላቁን የሮማ መሐለቅ መዝገብ ገልጦ ትክክለኛውን ዓይነት መፈለግ ነው።

የጀርባው ሥዕል ስለ ፖለቲካም ይናገራል። ሐድሪያኑስ ግዛቶቹን እየዞረ ከጎበኘ በኋላ ለየአገሩ መታሰቢያ የሚሆን ብር አስመትቶ ነበር። አፍሪካን የሚያሳየው ብር ላይ አንዲት ሴት የዝሆን ራስ ቆብ ደፍታ፣ ጊንጥ በእጇ ይዛ፣ ጎኗን አሳርፋ ተጋድማለች፤ በአጠገቧም የሰብል መሶብ አለ። ለሮማ አፍሪካ ማለት ይህች ናት፤ እህል የምታቀርብ፣ የተጋደመች ግዛት። ይህን ሥዕል አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ አክሱም ስንሻገር እንመለስበታለን።

ሐሰተኛውን ስለ መለየት

ሐሰተኛ ብር ከእውነተኛው ብር ጋር እኩል ዕድሜ አለው። በጥንት ዘመን መዳብ በስስ የብር ቅጠል ተጠቅልሎ ይመታ ነበር፤ ጠርዙ ሲፋቅ ወይም ላዩ ሲሰነጠቅ አረንጓዴ ዝገት ብቅ ይላል። ይህ ዓይነቱ ሐሰተኛ ቢሆንም ጥንታዊ ስለ ሆነ ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው። የሚያሳስበው አዲሱ ሐሰት ነው። በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ብር በጠርዙ ዙሪያ የመጋጠሚያ መሥመር፣ በላዩም የአየር አረፋ የተዋቸው ጥቃቅን ጕድጓዶች ይታዩበታል፤ ፊደሎቹም ሳሙና እንደ ነካቸው ልስልስ ይላሉ። በመምቻ የተመታ እውነተኛ ብር ግን ብረቱ ከመሐል ወደ ጠርዝ ስለሚሸሽ ፊደሎቹ ጠንካራ ናቸው፤ ጠርዙም አልፎ አልፎ ይሰነጠቃል።

በመምቻ የሚሠራ ሐሰተኛ ከሁሉ አስቸጋሪው ነው። በ1830 የሞተው ጀርመናዊው ካርል ቪልሄልም ቤከር በራሱ እጅ የቀረጻቸውን መምቻዎች ተጠቅሞ ብዙ ሰብሳቢዎችን አታሏል። አዲስ የሠራቸውን መሐለቆች አሮጌ ለማስመሰል ከብረት ፍቅፋቂ ጋር በሣጥን አድርጎ በሠረገላው ሥር አስሮ በመንገድ ላይ ያናውጣቸው እንደ ነበር ይነገራል። መምቻዎቹ በርሊን ውስጥ ተጠብቀው ስለሚገኙ ዛሬ የእርሱን ሥራ በማነጻጸር መለየት ይቻላል።

ማንም ሰው በቤቱ ሊያደርገው የሚችል አንድ ፈተና አለ። ብሩን በአየር ላይ ይመዝኑታል፤ ከዚያም በቀጭን ክር አንጠልጥለው ውሃ ውስጥ አስገብተው ይመዝኑታል። በአየር 3.40 ግራም የመዘነ ብር በውሃ ውስጥ 0.33 ግራም ቢቀንስ፣ የመጀመሪያውን በሁለተኛው ስናካፍል 10.3 እናገኛለን። የንጹሕ ብር 10.5፣ የመዳብ 9 ያህል ስለ ሆነ የያዝነው ጥሩ ብር ነው። የቀነሰው 0.38 ቢሆን ግን ውጤቱ 8.9 ይሆናል፤ ይህም መዳብ ነው። ማድረግ የማይገባውን ደግሞ አጥብቀን እንናገር፤ አሮጌ ብር በሎሚ፣ በአመድ ወይም በአሸዋ አይታሽም። ያ የጠቆረ ልባሱ የዕድሜው ምስክር ነው፤ አንድ ጊዜ ከተፋቀ አይመለስም።

ከቀይ ባሕር ወዲህ

እስካሁን የተናገርነው ለእኛ የሚጠቅመን አክሱም ከሮማ ጋር በምትገናኝበት ቦታ ላይ ነው። በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከብ ጉዞ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ከባዕዳን ጋር ለሚደረግ ንግድ የሚሆን ጥቂት ዲናርንም ይቈጥራል፤ ለንጉሡ የሚቀርቡ የብርና የወርቅ ዕቃዎችንም ይጨምራል። ነገር ግን በደቡብ ሕንድ የአውግስጦስና የጢባርዮስ ዴናሪዩስ በእንስራ ሙሉ ሲገኝ በእኛ በኩል የተገኘው የሮማ ገንዘብ ጥቂት ነው። በመጠራ ፍራንሲስ አንፍሬ በ1960ዎቹ ባካሄደው ቍፋሮ የሮማ ቄሣሮች የወርቅ ገንዘቦች የአንገት ጌጥ ሆነው በነሐስ ዕቃ ውስጥ ተገኝተዋል። በደብረ ዳሞ ደግሞ በ1940 ከመቶ የሚበልጡ የሰሜን ሕንድ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘቦች ተገኝተዋል። ወደ አዱሊስ የገባው ዲናር ምን ሆነ? ከእሳት ገብቶ ለጌጥና ለዕቃ፣ ኋላም ለአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ሳይውል አልቀረም የሚለው ግምት ሚዛን የሚደፋ ይመስለናል፤ ጠገራ ብርም በአንጥረኞቻችን ከውር ገብቶ መስቀልና አልቦ ሆኗልና።

ከ270 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አክሱም በንጉሥ እንዱቢስ ስም ወርቅና ብር አስመታች። እዚህ ላይ የዘመኑን አቈጣጠር ከሮማ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። እንዱቢስ ብር በሚያስመታበት ጊዜ የሮማ “ብር” ላዩ ብቻ የነጣ መዳብ ሆኖ ነበር። አክሱም የሮማን ሚዛን በወርቁ ተከትላለች፤ የእንዱቢስ ወርቅ 2.7 ግራም ያህል ስለሚመዝን የዘመኑ የሮማ አውሬዩስ ግማሽ ነው፤ ቆስጠንጢኖስ 4.5 ግራም የሚመዝነውን ሶሊዱስ ካወጣ በኋላም የአክሱም ወርቅ ወደ 1.6 ግራም ወርዶ ወደ ሶሊዱስ ሲሶ ተጠግቷል። በብር በኩል ግን ሮማ የተወችውን ብር አክሱም እውነተኛ ብር አድርጋ ጀመረችው። “የአክሱም ገንዘብ የሮማ ቅጂ ነው” የሚለው የቆየ አባባል በዚህ ምክንያት እንደገና መመርመር አለበት። ለንግድ የሚያመች ሚዛን መውሰድ አንድ ነገር ነው፤ የራስን መልክ መተው ሌላ ነገር ነው።

መልኩንማ ማንም ሊስተው አይችልም። በእንዱቢስ ገንዘብ ላይ ንጉሡ በልብስ ጥምጣም ተጠቅልሎ፣ ከራሱ በላይ ጨረቃና ክብ ፀሐይ ሆነው ይታያሉ። ይህች ጨረቃ ከሮማ ንግሥቶች ደረት ሥር ካለችው ጋር ዝምድና የላትም፤ የቀይ ባሕር ሁለት ዳር ሕዝቦች የሚያመልኩት ምልክት ናት። አፊላስ ዘውድ ደፍቶ በሁለት የእህል ዛላዎች መካከል ቆመ። ጽሕፈቱ በግሪክ “ንጉሠ አክሱማውያን” ይላል፤ ቀጥሎም “ብእሲ” የሚል የግዕዝ ቃል ከነገዱ ስም ጋር አለ። ወዜባ ጽሕፈቱን በግዕዝ ፊደል አደረገው። ዒዛና በዘመኑ አጋማሽ ጨረቃውን አንሥቶ መስቀል ተከለ፤ ኋላም መሐድየስ የተባለው ንጉሥ በዚህ መስቀል ድል እንደሚያደርግ የሚናገር ቃል በግዕዝ አስጻፈ። ከነዚህ ሁሉ በላይ፣ በአንዳንድ የብርና የነሐስ ገንዘቦች ላይ የንጉሡን ራስ ወይም የመስቀሉን ዙሪያ ለይቶ በወርቅ መቀባት በሌላ አገር ገንዘብ የማይታይ የአክሱም አንጥረኞች ጥበብ ነው።

አሁን ወደ ሐድሪያኑስ ብር እንመለስ። በዚያ ላይ አፍሪካ የተጋደመች ሴት ናት፤ ስም እንጂ ንጉሥ የላትም። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ በአክሱም ብር ላይ አፍሪካዊው ንጉሥ ቀጥ ብሎ በራሱ ስም ቀርቧል፤ እህሉም ግብር ሆኖ በመሶብ አልቀረበም፤ በንጉሡ ግራና ቀኝ እንደ ክብር ዘብ ቆሟል። ሁለቱን መሐለቆች ጎን ለጎን ያኖረ መምህር ረጅም ንግግር አያስፈልገውም።

ለመለየት ሥራ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በቀይ ባሕር ዙሪያ የሚገኝ የአውግስጦስን የሚመስል ራስ ያለው ትንሽ ብር ሁሉ የሮማ አይደለም። የደቡብ ዐረብ ነገሥታት መጀመሪያ የአቴናን ጕጕት፣ ቀጥሎም የአውግስጦስን መልክ የሚመስል ራስ በራሳቸው ብር ላይ አስመትተዋል፤ ጀርባው ላይ የሳባ ፊደል ካለ ነገሩ ግልጽ ነው። በኤደን አቅራቢያ በአል ማድሐሪባ በ1970ዎቹ የተገኘው ከሺህ የሚበልጥ የወርቅ ክምችትም የአክሱምንና የሮማን ገንዘብ በአንድ ላይ ይዞ ነበር። ሁለቱ በአንድ ማሰሮ መገኘታቸው፣ በንግዱ ዓለም በአንድ ገበያ ይሠራባቸው እንደ ነበር የሚመሰክር ነው።

ከጆሃንስበርግ ሲታይ

ይህን ጽሑፍ የምንጽፍበት የጆሃንስበርግ ከተማ በ1886 በተገኘ ወርቅ ላይ የተመሠረተች ናት፤ ስለ ገንዘብና ስለ መልክ የምታስተምረውም አላት። በ1892 የትራንስቫል ሪፐብሊክ የራሷን ገንዘብ በበርሊን ስታስመታ፣ በፕሬዚዳንት ክሩገር ደረት ሥር የቀራጩ የኦቶ ሹልትስ ስም ሁለት ፊደላት ተቀምጠው ነበር፤ በአገሬው ቋንቋ ሲነበቡ “በሬ” የሚል ትርጕም ሰጡ፤ የሠረገላውም ሥዕል በአገሬው ሠረገላ አንድ ሞፈር ፈንታ ሁለት ይዞ ወጣ። መምቻው ታርሞ እንደገና ተመታ፤ ዛሬ ሁለቱን የሚለየው ያው የሞፈርና የፊደል ነገር ነው። መልክ የሚያስመታ ሰው መልኩን ባዕድ ሲቀርጽለት ምን እንደሚደርስበት ከዚህ ይታያል።

የሚበልጠው ትምህርት ግን ከሊምፖፖ ወንዝ ማዶ ነው። በ1891 ቴዎዶር ቤንት የተባለው እንግሊዛዊ በሴሲል ሮድስ ድጋፍ የታላቁን ዚምባብዌ ፍራሾች ቈፍሮ፣ የሠሯቸው አፍሪካውያን ሊሆኑ አይችሉም፣ ከዐረብ ምድር የመጡ ናቸው ብሎ ጻፈ። ይኸው ሰው በ1893 ወደ አክሱም ሄዶ ስለ ከተማችንም መጽሐፍ አወጣ፤ በዚያም የሳባን እጅ ፈለገ። በ1905 ራንዳል ማክአይቨር፣ በ1929 ገርትሩድ ኬተን ቶምፕሰን የአፈሩን ንብርብር ተከትለው ፍራሾቹ የአፍሪካውያን ሥራ መሆናቸውን አረጋገጡ። በፍራሾቹ ውስጥ የኪልዋ ሱልጣን ገንዘብ መገኘቱም የሚያመለክተው ዚምባብዌ ከሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ጋር መያያዟን ነው፤ ግንቡን ማን እንደ ሠራ አይናገርም። ከአፈሩ የተለየ መሐለቅ ለፈለገው ሰው ሁሉ ምስክር ሆኖ ይቆማል፤ ከተገኘበት ንብርብር ጋር የተመዘገበ መሐለቅ ግን እውነቱን ብቻ ይናገራል።

መለየትና መገመት

እንግዲህ ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። ከ1994 በኋላ ብዙ ወገኖቻችን ወደዚች ከተማ መጥተው፣ ዛሬ በይፋ ራሒማ ሙሳ በሚባለው፣ እኛ ግን ጄፒ በምንለው መንገድ ዙሪያ ሱቅና ቡና ቤት ከፍተው ይኖራሉ። ታሪክ አስተማሪ መሆንህ የታወቀ እንደ ሆነ አሮጌ ብር በመሐረብ ጠቅልሎ የሚያመጣ ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ ከአያቱ የወረሰው ጠገራ ብር ነው፤ አንዳንዱ ለጎብኚ የተሠራ ሐሰተኛ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን የንጉሡ ራስ በጥምጣም የተጠቀለለ እውነተኛ የአክሱም ገንዘብ ይሆናል። በአክሱም ዙሪያ ከክረምት ዝናብ በኋላ ወይም በእርሻ ጊዜ መሐለቅ ከማሳ ላይ እንደሚለቀም የታወቀ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚጠየቁት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ “ምንድን ነው?” እና “ስንት ያወጣል?” የሚሉ። የመጀመሪያው የምሁር ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የገበያ። ችግሩ፣ የመጀመሪያውን የመለሰ ሰው ሳያስበው ሁለተኛውን መመለሱ ነው። ስም የሌለው የብር ቁራጭ በሚዛኑ ይሸጣል፤ “የወዜባ ብር ነው” የተባለለት ግን በብዙ እጥፍ ይሸጣል። በጢባርዮስ ዘመን የተመታውን፣ በጀርባው የተቀመጠች ሴት ያለችበትን ዴናሪዩስ ነጋዴዎች በወንጌል ከተጠቀሰው የግብር ዲናር ጋር ስላያያዙት ዋጋው ከእኩዮቹ በላይ ሆኗል። እኛ የምንሰጠው ስም ዋጋ ይሆናል፤ ዋጋውም ሌላ ማሳ ያስቈፍራል።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። በ1966 የወጣው የቅርስ አዋጅ ቍጥር 229 እና በ2000 የወጣው አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላሉ፤ በድንገት ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው ክፍል እንዲያስታውቅ የኋለኛው ያዝዛል። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ በተካሄደው ጦርነት ሰውም ቅርስም ከተጐዳ ወዲህ ይህ ጉዳይ ይበልጥ ያሳስባል።

ይሁን እንጂ “አላይም፣ አልናገርም” ማለት ብቻ መፍትሔ አይሆንም። ያልታየ መሐለቅ ዞሮ ዞሮ ከእሳት ይገባል ወይም በማይታወቅ ሣጥን ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት ይህን ሥርዓት እናሳስባለን። መሐለቅ ሲቀርብልን ከስሙ አስቀድመን የተገኘበትን ቀበሌ፣ ማሳውን፣ ጊዜውንና አብሮ የተገኘውን ነገር እንጠይቅ፤ የሚናገር ከሆነም በሰውየው ፊት እንጻፈው። ክብደቱን፣ ስፋቱን፣ ፊቱንና ጀርባውን በፎቶግራፍ እንመዝግብ። ዋጋ አንገምት፤ ለሽያጭ የሚሆን የምስክር ወረቀትም አንጻፍ። ባለቤቱ ሲፈቅድም መሐለቁ በአዲስ አበባ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ወይም የመሐለቅ ስብስብ ወዳለው ወደ ኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የሚመለስበትን መንገድ እንፈልግ። አምጪውን እንደ ሌባ ማየት አይገባም፤ ብዙው ሰው የያዘውን አያውቅም፤ ባወቀ ጊዜም የሚኮራበት እንጂ የሚሸጠው አይሆንም።

አርቱሮ አንዛኒ በ1926 የአክሱምን ገንዘብ በዝርዝር ካሳተመ ወዲህ፣ በኋላም ስቱዋርት መንሮ ሄይና ቤንት ዩል የንሰን በ1995 ታላቁን መዝገብ ካወጡ ወዲህ፣ የአክሱም ነገሥታት ስምና ተራ ባመዛኙ የሚታወቀው ከገንዘባቸው ነው። ከነዚያ ነገሥታት አንዳንዶቹ ከመሐለቃቸው በቀር ሌላ ሐውልት የላቸውም። አንዲት የብር ቁራጭ ቦታዋ ሳይጻፍ ስትሸጥ የሚጠፋው የብሩ ዋጋ አይደለም፤ አንድ ንጉሥ የት ድረስ እንደ ገዛ፣ ገንዘቡ በማን እጅ እንደ ዞረ የሚናገር ምስክር ነው። ምስክሩን ለማዳን ደግሞ እርሳስ፣ ወረቀትና ትንሽ ሚዛን ይበቃል።